ስኳር የተነሰነሰበት አርብ

እንዴት ዋሉ እትዬ አበባ! አይነሱ፣ በማርያም አይነሱ፤ እኔ ዘለቀ ነኝ፣ ለእኔ የሚነሳ ፖሊስ ብቻ ነው። ፌርፋክስ ላይ ፓርኪንግ ፍለጋ ስዞር ስዞር ባልድዊን ሂልስ ደርሼ ተመለስኩ። ምን እየጠጡ ነው? ሻይ? ጥሩ... አርብ አይደል፣ ሻይ ነው የሚያዋጣው። እዚያ ጥግ ጀርባቸውን ሰጥተውን የተቀመጡት ጋሼም ሻይ ነው የያዙት። ደስ ሲሉ! ትንሽ ጮክ ብዬ ባወራ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ኤርፖርት ታክሲ ስነዳ ኖሬ ጆሮዬን አውሮፕላን ይዞት ሄዷል።

ሶ... እሑድ የዑራኤል ማኅበራችን ስብሰባ አለ አሉ። ሊቀመንበሯ እርስዎ ነዎት፣ ከእኔ ይልቅ ያውቃሉ። እውነት ሐናን ሊያስወጧት ነው? ኢንግልዉድ ሽማግሌ ስታስታምም ሁለት ሺፍት ሠርታ፣ አርብ ጠዋት ወተት ያለው ማኪያቶ ስትጠጣ ታየች ተብሎ? ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለቅሶ ቤት ሁሉ ድስት ተሸክማ የገባች ልጅ! ማኅበሩ እኮ ነው እዚህ አገር ያላት ዘመድ። ግን እኔ አልፈርድም፣ ያልተማርኩ ሰው ነኝ። ያዩዋት ሰው ዓይን ነው የገረመኝ። ከመንገድ ማዶ፣ በመስታወት ውስጥ፣ ክዳን በገጠመ ኩባያ ያለን ወተት ማየት... ይህን ዓይን ለእኔ ቢሰጠኝ ኖሮ ፓርኪንግ አጣ ነበር?

ስለ ዓይን ካነሳን አይቀር አንድ የማውቃቸውን ሰው ላጫውትዎ። ስም አልጠራም፤ ስም መጥራት ሐሜት ነው። ጾም አጥባቂ ናቸው። የራሳቸውን ብቻ አይደለም፣ የሰፈሩን ሁሉ ጾም የሚጠብቁ ደግ ሰው!

ባለፈው አርብ የእህቴ ልጅ ሶፎንያስ ተመረቀና ፓሳዴና አንድ የሞሮኮ ምግብ ቤት ጋበዘን። እኚህን ሰው ድራይቭ አድርጌ የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። መንገዱን ሙሉ ስለ ሞሮኮ ሲያስተምሩኝ ነበር። ለካ አገሩን ጠንቅቀው ነው የሚያውቁት! ወደ አሜሪካ ሲመጡ ካዛብላንካ ኤርፖርት አራት ሰዓት ተቀምጠዋል።

ቤቱ ወንበር የለውም፣ ትራስ ላይ ነው የሚቀመጡት። አስተናጋጁ ማንቆርቆሪያና መታጠቢያ ሳህን ይዞ ሲመጣ እሳቸው ጸሎተ ሐሙስ መስሏቸው ካልሲያቸውን ሊያወልቁ ምንም አልቀራቸውም። "እጅ ነው፣ እጅ!" ብለን አዳንናቸው።

የአትክልት ኩስኩስ ይሁንልዎ ብንላቸው "ድስቱ ሥጋ ነክቶት ይሆናል" ብለው ገፉት። ድስት ሳይቀር የሚጠራጠር ሰው የት ይገኛል? ይልቅ ሌላ ጠረጴዛ ላይ ክብ ኬክ የመሰለ ነገር አዩ፤ ላዩ ላይ ዱቄት ስኳርና ቀረፋ የተነሰነሰበት። "ፓስቲላ ይባላል፣ የአልመንድ ጣፋጭ ነው፣ የጾም ነው፣ አውቀዋለሁ" አሉ። አስተናጋጁ "ሰር፣ ይሄ እኮ..." ሲል "አይ ኖው፣ አይ ኖው!" ምስኪኑ ጨነቀውና ክንዱን እንደ ክንፍ አራገበላቸው። እሳቸው የአገሩ ጭፈራ መስሏቸው አጨበጨቡለት!

መጣ። አንዴ ጎረሱና... ዓይናቸውን ጨፈኑ። እትዬ አበባ፣ ምነው ባዩዋቸው! ቅዳሴ ላይ እንኳ እንደዚያ ተመስጠው አያውቁም። ውስጡ ዶሮ ነዋ! ተተልትሎ፣ ከነእንቁላሉ። አውቀው ነው? ኧረ አላወቁም! ያወቀ ሰው ሁለተኛውን ይቆርሳል? ሦስተኛውንስ? ጠጋ ብዬ ብጠይቃቸው "አልመንድ ነው" አሉኝ። አልመንድ አጥንት እንዳለው የተማርኩት ያኔ ነው። ከጥርሳቸው መካከል በሁለት ጣት አወጡና ናፕኪን ሥር በክብር ቀበሩት፤ ፍትሐት ብቻ ነው የቀረበት። ስኳሩ ጢማቸው ላይ ሰፍሮ ጳጳስ መስለው ነበር፤ መስቀል ልሳለም ጎንበስ ስል አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ነው የመለሰኝ።

እኔ ሆዳምነቴ የታወቀ ነው፤ ዶሮዬን ዶሮ ብዬ በላሁ። ስኳር ነስንሶ መብላት ግን ትምህርት ይጠይቃል።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ምን አሉኝ ይመስልዎታል? "ያቺ ሐና ግን... በአርብ ወተት!" አሉ። ጢማቸው ላይ ስኳሩ ገና አልረገፈም እኮ!

ውይ ጋሼ! ሊሄዱ ነው? ሻይዎን ሳይጨርሱ? ኧረ ስለ እርስዎ አይደለም የምናወራው፣ ስለ አንድ ጾመኛ ሰው ነው። እሑድ ስለ ሐና የሚናገሩት እርስዎ ነዎት ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ትልቅ ሰው ሳልመርቅ አልሸኝም። ዑራኤል ዕድሜና ጤና ይስጥዎ። ጥርስዎን አጥንት አይንካው። ጾምዎን ያጣፍጥልዎ። እሑድ ለሐና የሚፈርዱላትንም ፍርድ፣ ፈጣሪ አንዲት ነገር ሳይቀንስ ለእርስዎም ይፍረድልዎ... አሜን ይበሉ እንጂ ጋሼ!