የእመት ወርቅዬ በር

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የሪያዱ ባጥሐ ገበያ መግባት የማልወደው ነገር ነው። ሰው በሰው ላይ ይጋፋል፣ ሻጩ ሁሉ ይጮኻል፣ እኔ ደግሞ ግፊያ ሲበዛብኝ ቁጣዬ ቅርብ ነው። ምን ይደረግ፣ ደሴ ያለችው እኅቴ ስለ አንድ ሻንጣ ልብስ ሦስት ወር ሙሉ ስትነዘንዘኝ ከርማ፣ በ2008 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ከልጄ ከራዲያ ጋር ሻንጣውን እየጎተትን ወደ አገር ቤት ዕቃ ወደሚልከው ካርጎ ቤት ሄድን።

እኔ መምህር ነኝ፤ አብዱረሂም እባላለሁ። ሪያድ ለሚያድጉ የአገራችን ልጆች አማርኛ ሳስተምር ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ራዲያ እዚሁ ተወልዳ ነሲም ሰፈር ያደገች፣ ሃያ ዓመት የሞላት ልጅ ናት። ዐረብኛዋ እንደ ውኃ ይፈሳል። አማርኛዋ ግን አባቷ ያን ሁሉ ላብ አፍስሶበትም ዛሬም ይደናቀፋል።

ካርጎ ቤቱ ደጃፍ ስንደርስ አንድ ግዙፍ የብረት በር ቆሞ መንገዱን ዘግቶታል። ቁመቱ ሦስት ሜትር ሳይሆን አይቀርም። ወርቅማ ቀለም ተቀብቷል፣ እጀታው የአንበሳ ራስ ነው። አንድ ሽበታም ሰው አጠገቡ ቆመው በጨርቅ አቧራውን ይጠርጉለታል።

«ኧረ በአላህ፣ ሰው ይለፍበት!» አልኩ።

ሰውየው ዘወር ሲሉ አቶ ይመር ሆነው አረፉት።

«መምህር! አንተ ነህ እንዴ የምትቆጣው? እኔ ደግሞ ፖሊስ መስሎኝ!» ብለው እየሳቁ ትከሻዬን ያዙኝ። ከዚያ የልጁን፣ የቤቱን፣ የጤናውን እየተጠያየቅን ቆየን።

አቶ ይመር ዑለያ ሰፈር ውስጥ የአንድ ሕንፃ ጠባቂ ናቸው። እኛ የወሎ ሰዎች ግን የምናከብራቸው በሌላ ነው፤ የገጣሚዋ የእመት ወርቅዬ ታናሽ ወንድም ናቸው። እመት ወርቅዬ ከሐይቅ ከተማ በላይ፣ ሾላ ሜዳ በምትባል መንደር የኖሩ፣ ፊደል ሳይቆጥሩ ፊደል የቆጠረውን ሁሉ ያሳፈሩ ሴት ነበሩ። ግጥማቸው መጀመሪያ በካሴት፣ ኋላም በዋትስአፕ እየተላለፈ ሪያድ ገብቷል። በሰው ቤት የሚሠሩ እኅቶቻችን ሳህን ሲያጥቡ በጆሯቸው ሰክተው የሚሰሙት እርሳቸውን ነው። ካረፉ ሁለት ዓመት አልፏል።

«በሩ የማን ነው?» አልኳቸው።

«የእኅቴ ቤት በር ነዋ! ያ አሮጌ ቤት ቅዳሜ ጠዋት ይፈርሳል። ንጋቱ የሚባል ግንበኛ ይዣለሁ፤ ብሎኬቱም አሸዋውም ደጁ ተራግፏል። ‘አፍርስ’ የምትለዋን ቃል ብቻ ነው የሚጠብቀው። ይኸው፣ በሩ ተጭኖ ሳይ ከዚሁ ቆሜ እደውልለታለሁ። እድሳት ይሉሃል ይኼ ነው!»

እውነቱን ልናገርና እኔም ደስ አለኝ። «ማሻ አላህ! ወንድም ማለት እንዲህ ነው» ብዬ አንበሳውን ዳበስኩት። ለካስ ልጄ ከኋላዬ ፊቷ ተለዋውጧል።

«ላ! አይሆንም! ጋሼ ይመር፣ አንተ ይህን አታደርግም!» አለች።

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሽበት ያላቸውን ሰው «አንተ»! «ራዲያ! ‘እርስዎ’ ይባላል! ስንት ጊዜ ላስተምርሽ?» ብዬ ጮኽኩባት።

አቶ ይመር ግን ሳቁ። «ተዋት፣ መምህር። ዐረብ አገር ንጉሡም ሎሌውም ‘አንተ’ ነው። ይልቅ ለምን እንደማላደርገው ትንገረኝ።»

«ይቅርታ ጋሼ፣ እርስዎ» አለች ራዲያ፤ ደንግጣለች፣ ግን አላፈገፈገችም። «ባለፈው ክረምት ከእናቴ ጋር ደሴ ሄደን ሾላ ሜዳ ወጥቻለሁ። ቤቱን አይቻለሁ። በጣም ያምራል። ለምን ይፈርሳል?»

«ያምራል? ልጄ፣ ጭቃ እኮ ነው! ምስጡ ግድግዳውን በልቶታል፣ ጣራው ያፈስሳል። ከደሴ ከኮምቦልቻ ሰው በመኪና እየመጣ ‘የእመት ወርቅዬ ቤት የቱ ነው?’ ሲል ያንን ጎጆ ያሳዩታል። ከዚያ ምን ይላል? ‘ወንድሟ ሪያድ ተቀምጦ እኅቱን ጭቃ ውስጥ ጣላት’ ይላል። ስሜ ነው የሚነሣው!»

እውነታቸውን ነው ብዬ እኔም ራሴን ነቀነቅሁ። እኛ ስደተኞች የምንፈራው ረኀብን ሳይሆን ይህችን የሰው አፍ ነው።

ራዲያ ግን እጇን ወደ ገበያው ማዶ ዘረጋች። «ጋሼ፣ ከዚህ ወዲያ ያለውን ጥንታዊውን የመስመክን ግንብ አይተዋል አይደል?»

«በየሳምንቱ አልፈዋለሁ።»

«ከምን የተሠራ ነው?»

አቶ ይመር ጨርቁን ከበሩ ላይ አነሡ። «ከጭቃ» አሉ።

«ሳዑዲዎች ብሎኬት የሚገዙበት ቸግሯቸው ነው? ጭቃው ሲላጥ በጭቃ ይለስኑታል እንጂ አያፈርሱትም። ትልቁ በር መሐል ደግሞ ትንሽ በር አለች፤ ሰው ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባባት። ማንም ‘ባለቤቶቹ ድሆች ናቸው’ አይልም። ትኬት ቆጣሪው፣ ተማሪው፣ ቱሪስቱ ሁሉ ጎንበስ ይላል።»

«እሱ የነገሥታት ነው፣ ልጄ።»

«እማማ ወርቅዬስ?» አለች።

ይህን ስትል ኩራት ተሰማኝ፤ ግን ኩራቴ ብዙም አልቆየም፤ ነገሩ ወደ እኔ ዞረ።

«ለምሳሌ አባዬ ክፍል ውስጥ ያስተማረን ግጥም አለ» ብላ በዚያች በምትደናቀፍ አማርኛዋ አንዲት ቃል ሳትስት ወረደችው፦

«ሲጠራኝ ቢውልም ደጄ ቆሞ እንግዳ፣
አንገቱን ካልደፋ አይገባኝም ባዳ።

አባዬ ትርጉሙን ሲነግረን ‘ትሑት ያልሆነን ሰው ማንነቱን ልረዳ አልችልም’ ማለት ነው አለን። ፈተና ላይ ያንኑ ጽፌ ዐሥር ከዐሥር አገኘሁ። ሾላ ሜዳ ስደርስ ግን በጣም ቸኩዬ ስለነበር ቀጥ ብዬ ልገባ ስል ዝቅ ያለው መቃን ግንባሬን አለኝ! አንዲት ጎረቤት ሴትዮ ከት ብላ ስቃ ‘አይ የኔ ልጅ፣ ግጥሙን አልሰማሽም እንዴ? አንገቱን ካልደፋ አይገባም እኮ ተብሏል’ አለችኝ። ያኔ ገባኝ። የምትናገረው እማማ ወርቅዬ ብቻ አይደለችም፤ ቤቱ ነው! ‘አይገባኝም’ ማለት ወደ ውስጤ አይገባም ማለትም ነው። አባዬ ግማሹን ነው ያስተማረን።»

ዐሥራ ስድስት ዓመት! ስንት ልጅ ነው ከእኔ ግማሽ ግጥም ይዞ የወጣው? ሰምና ወርቅ እያልኩ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ የኖርኩት እኔ፣ ሰሙን አይቼው አላውቅም። ያን ቤት አንድ ቀን እንኳ ሄጄ አላየሁማ። ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋለ።

«እውነቷን ነው፣ አቶ ይመር» አልኩ። «ሰሙ ከሌለ ወርቁ ብቻውን ተራ ምክር ነው፤ ምክር ደግሞ ከእኔም ይገኛል። ይህን በር ቢተክሉበት ሰው ቀጥ ብሎ ገብቶ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ግጥሙም ከዚያ በኋላ ለማንም አይገባም።»

አቶ ይመር ጨርቁን እጃቸው ላይ ጠቅልለው ፈቱት። ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«እናንተ ስለ ግጥም ታወራላችሁ። እኔ ስለ እኅቴ ነው። በ2006 ኅዳር፣ ያ የስደተኞች አፈሳ በነበረበት ሰሞን፣ አረፈች ብለው ደወሉልኝ። ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ አልተስተካከለም ነበር። ከወጣሁ መመለስ የለም፤ ልጆቼ ደግሞ ከእጄ ነው የሚበሉት። ቀረሁ። አፈር አላለበስኳትም፣ መምህር! ልትሞት ሳምንት ሲቀራት በስልክ ‘ይመር፣ ቤቴን አደራ’ ብላኛለች። ታዲያ ቤቷን እንኳ ካልሠራሁላት ምን ወንድም እባላለሁ?»

ከካርጎ ቤቱ ጸሐፊ ብቅ አለና «ያላ፣ አባቴ! ኮንቴነሩ ሊዘጋ ነው። በሩ ይጫናል ወይስ አይጫንም?» አለ። አቶ ይመር በእጃቸው አስቆሙት።

ራዲያ ዓይኗ እንባ ሞልቷል። ቀስ ብላ ጠየቀቻቸው። «ጋሼ፣ አደራ በዐረብኛ ‘አማና’ ነው አይደል?»

«አዎን፣ አማና ነው።»

«አባዬ ያንን ሻንጣ ለአክስቴ አድርስልኝ ብሎ አማና ቢሰጥዎ፣ ‘ልብሱ አሮጌ ነው’ ብለው ጥለው በሌላ አዲስ ልብስ ሞልተው ይሰጧታል?»

«አስተግፊሩላህ! እንዳለ ነው እንጂ የማደርሰው!»

ሰው የራሱን ቃል መልሶ ሲሰማው እንዴት እንደሚሆን ያን ቀን አየሁ። በሩን ከላይ እስከ ታች አዩት፣ ከዚያ እኛን አዩን።

«እንዳለ» አሉ። «አደራ ማለቷ እንዳለ ጠብቀው ማለቷ አይደል? እኔ ግን ላፈርሰው ነበር። ዝም ብዬ ዝናብ ሲያፈርሰውስ ልይ ታዲያ?»

«ማን ዝም ይበሉ አለ!» አልኩ፤ አሁን የመምህርነት ጠባዬ ተመለሰ። «ንጋቱ እጁ ሥራ አይፍታ። ጣራውን ይክደን፣ ምስጥ የበላውን እንጨት በዚያው ዓይነት እንጨት ይተካ፣ ግድግዳውን በዚያው ጭቃ ይለስን፣ ጎርፉ እንዳይነካው ዙሪያውን ቦይ ያውጣለት። ብሎኬቱም አይባክንም፤ ከታች ባለው ቦታ የእንግዳ ቤት ይሥሩበት፣ ይህ በርዎም እዚያ ይተከል። የመጣው ተማሪ ያርፍበታል፣ የመንደሩ ሴቶች ማሩንና እርጎውን ይሸጡለታል፣ ግጥሙን የሚያስታውሱ ሽማግሌዎችም እዚያ ተቀምጠው ለልጆች ይነግራሉ፣ ልጆቹ ይጽፉታል። የሚጎበኝ ሰው ካለ ቤቱን የሚጠብቅ ሰው አይጠፋም።»

ይህንን የምጽፈው ለአቶ ይመር ብቻ ብዬ አይደለም። በሪያድም በጅዳም ያለን ሁላችን የምንወዳቸውን ሰዎች ለማክበር ስንነሣ መጀመሪያ የምናስበው ማፍረስ ነው። አዲስ ካልሆነ ያከበርን አይመስለንም። ወገኔ፣ ሲሚንቶ ከመላክህ በፊት ቤቱን የሚያውቅ ሰው ጠይቅ፤ ቢቻልህ ደግሞ ራስህ ሄደህ እይ። እኔ ሳላይ አስተምሬ እንዴት እንዳፈርኩ አንብበሃል።

አቶ ይመር ስልካቸውን አወጡ። «ንጋቱ? ስማኝ፣ ወንድሜ። አትንኩት። አዎን፣ አንድ እንጨት እንዳትነቅሉ። ኸላስ፣ ማፍረሱ ቀርቷል። ሌላውን ማታ አስረዳሃለሁ።» ከዚያ ለካርጎው ሰው በሩ በሚቀጥለው ጭነት ይሂድ ብለው ነገሩትና ካርቶን ላይ ተቀመጡ። ትንፋሻቸው ረዘመ።

«ልጄ» አሉ ራዲያን። «መቃብሯንስ አይተሻል?»

«አይቻለሁ ጋሼ። ከሾላው ሥር ነው። ጎረቤቶቹ ድንጋይ ደርድረውለታል፣ ንጹሕ ነው። ዱዓ አድርገናል።»

ሽማግሌው በዚያ ሁሉ ግርግር መካከል፣ በያዙት ጨርቅ ፊታቸውን ሸፍነው አለቀሱ። ራዲያም አለቀሰች። እኔ ሰው እንዳይጋፋቸው ፊት ለፊታቸው ቆምኩ።

ሲረጋጉ ፊታቸውን ጠርገው «ዐረብኛሽ ጥሩ ነው አይደል?» አሏት። «ለከፊሌ፣ ለአሠሪዬ፣ ደብዳቤ ጻፊልኝ። መውጫና መመለሻ ፈቃድ እንዲያወጣልኝ፣ አንድ ወር።»

ራዲያ ከቦርሳዋ ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣች፤ ሻንጣችንን ጠረጴዛ አድርጋ የሰላምታውን መስመር ጻፈች። «ምክንያቱን ምን ልበል? ቤት ለማሳደስ?»

«የለም፤ ለቅሶ ልደርስ ነው በይው።»

«ጋሼ፣ ሁለት ዓመት ያለፈው ለቅሶ ነው፤ እሺ ይልዎታል?»

«ቢያልፍስ» አሉ አቶ ይመር። «እኔ መች ደረስኩና።»