ላም ሸጦ ዕዳ መክፈል

ቅዳሜ ጠዋት ገብረ መድህን ላሙን በገመድ እየጎተተ ወደ አሰላ ከብት ገበያ ሲወርድ ላሟ እምቢ አለች። ጎተታት፤ ቆመች። ከኋላ ዞሮ ገፋት፤ ዞራ አየችው። ጥጃዋ ቤት ቀርታለች። ሚስቱ የሺሃረግም ቤት ቀርታለች። የስምንት ወር እርጉዝ ናት፤ ሲወጣ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ከሁለቱ የማንኛዋ ነገር እንደከበደው እሱም አያውቅም።

ገብረ መድህን የመንግሥት እርሻ መካኒክ ነው። የኮምባይነር ሞተር ብትንትኑን አውጥቶ ዓይኑን ጨፍኖ መልሶ ይገጥማል። የባንክ ወረቀት ሲያይ ግን ራሱ ይዞርበታል። በሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት ቀበሌው ቦታ ሰጠው፣ ባንኩ አራት ሺህ ብር አበደረው፣ ሦስት ክፍል ቆርቆሮ ቤት ሠራ። ክፍያው በየወሩ ሠላሳ አራት ብር ነው፤ ለአሥራ አምስት ዓመት። አራቱን ዓመት አንድ ወር ሳያጓድል ከፈለ። ባለፈው ሳምንት ሄዶ ቢጠይቅ "ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ ይቀርብዎታል" አሉት።

አሥራ ስድስት መቶ ብር ከፍሎ የተቀነሰለት ሰባት መቶ ሃምሳ! ሌላው የት ገባ? ጠየቀ። "ወለድ" አሉት። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለውም። ስለዚህ ቆረጠ፤ ያለውን ሁሉ ጠራርጎ በአንድ ቀን ከፍሎ ሊገላገል። ላሟም ከተጠራረጉት አንዷ ናት።

ከመስጊዱ በታች ባለው ቁልቁለት ላይ አንዲት ልጅ ጭቃውን ፈርታ ጫማዋን በእጇ ይዛ ስትወጣ ተገናኙ። ጎረቤቱ ናት፤ የባለሱቁ የኸይሩ ልጅ ዘይቱና። አዲስ አበባ ንግድ ሥራ ተምራ መጥታ በገበሬዎች ኅብረት ሥራ ቢሮ የሒሳብ ሠራተኛ ሆናለች።

"እንደምን አደሩ ጋሽ ገብረ መድህን? ላሟን ምን ነካት?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። እሷ ደህና ናት፤ የታመምኩስ እኔ ነኝ። ልሸጣት ነው።"

"ይቺን? ምን አደረገችዎት?"

"ምንም። የባንኩን ዕዳ ልከፍልባት ነው። ሰኞ ጠዋት ሙሉውን ወስጄ እላያቸው ላይ እጥለዋለሁ!"

"ሙሉውን ከየት አገኙት?"

ገብረ መድህን ጣቱን አወጣ። ደጋግሞ ስለቆጠረው እንደ ጸሎት ነው የሚወርድለት። "ዕቁብ ወጥቶልኛል፣ አሥራ ሁለት መቶ። ለክፉ ቀን ያስቀመጥኩት ስምንት መቶ። ላሟ ስድስት መቶ ታወጣለች። የየሺሃረግ የጆሮ ወርቅ ሦስት መቶ ሃምሳ።"

"ሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ሆነ። ሦስት መቶው የት አለ?"

ገብረ መድህን ገመዱን በእጁ ላይ ጠመጠመ፣ ፈታ። "ከአንድ ሰው እወስዳለሁ።"

"በአራጣ?"

"ለሦስት ወር ብቻ ነው።"

"በመቶው ስንት?"

"አሥር።"

"በዓመት?"

"በወር ነው እንጂ! አራጣ በዓመት ሰምተሽ ታውቂያለሽ?"

ዘይቱና ጫማዋን መሬት ላይ አስቀመጠች። ነገሩ እንደሚረዝም ገባት። "ጋሽዬ፣ ሦስት መቶ ብር በአራጣ በወር ሠላሳ ብር ነው ወለዱ። የባንኩ ክፍያ ስንት ነው?"

"ሠላሳ አራት።"

"እና ላም የሚሸጡት ለአራት ብር ነው?"

"ነገር አታወሳስቢብኝ!"

"ሠላሳውን ከፍለውም እኮ ሦስት መቶው እንዳለ ቁጭ ይላል።"

"አውቃለሁ! አራጣን አንቺ አታስተምሪኝም።"

እውነቱን ነው፣ ያውቀዋል። መከራው እዚህ ላይ ነው። ሰው የማያውቀውን መድኃኒት ፈርቶ የሚያውቀውን መርዝ ይጠጣል። አራጣ አበዳሪው መንገድ ላይ በስሙ ይጠራዋል፣ የልጆቹን ጤና ይጠይቀዋል። ባንኩ ግን መስኮትና ማኅተም ብቻ ነው።

"እሺ አንድ ነገር ልጠይቅዎት" አለች ዘይቱና። "ለምን በአንድ ጊዜ? ያለዎትን ከፍለው የቀረውን ቀስ ብለው ቢከፍሉስ?"

"አይቀበሉማ።"

"ማን ነው ያለው?"

"ማን አለው ምን ያስፈልገዋል? ብድር ነው! አባቴን አይቻለሁ እኮ።" ላሟ ወደ አጥሩ ስትጠጋ ሳብ አደረጋትና ቀጠለ። "ከጎበሳ በላይ መሬት ነበረን። አባቴ በሰማንያ ብር ወለድ አግድ አስያዘው። አበዳሪው መሬታችንን አረሰ፣ ስንዴውን በላ፤ ያ ነው ወለዱ። አባቴ አርባ ብር ይዞለት ሄደ። 'ግማሽ አልቀበልም፣ ሙሉውን ይዘህ ና' አለው። አርባዋን ይዞ ተመለሰ፣ በእጁ አለቀች። በሌላ ዓመት ሃምሳ ይዞ ሄደ፤ ያው መልስ። ዘጠኝ ዓመት! መሬቱን ከአጥር ውጭ ቆሞ እያየ ሞተ።"

"ነፍስ ይማር። ከዚያስ?"

"ከዚያማ የመሬቱ አዋጅ መጣ። ሰውየውም አጣው፣ እኛም አጣነው፣ ተገላገልን።" ሳቅ ቃጣውና ተወው። "እኔም ቤቱን ከአጥር ውጭ ቆሜ እያየሁ ነው። የሺሃረግ ጓሮ ጌሾ ልትከል ስትል የሰው ግቢ ምን ያደርግልሻል እላታለሁ።"

ለዘይቱና አሁን ገባት። አራት ዓመት ሙሉ ይህ ሰው የሚከፍለው ለባንኩ አልነበረም። ለአባቱ አበዳሪ ነበር።

"ጋሽ ገብረ መድህን፣ ባንክ ወለድ አግድ አይደለም። ወለድ አግድ ላይ መሬቱን የያዘው አበዳሪው ነው። እርስዎ ቤት ውስጥ የሚተኛው ማነው?"

"እኔ ነኛ።"

"ባንኩ ቤትዎን ይዞ ስንዴ አጭዶበታል?"

"አላጨደም።"

"ቤቱ የእርስዎ ነው። መያዣ ነው እንጂ የባንኩ አይደለም። ደግሞ ባንኩ ግማሽም፣ ሩብም፣ መቶ ብርም ይቀበላል። ከሠላሳ አራት ብሩ ላይ መጀመሪያ ሃያው ወለድ ነበር፣ አሥራ አራቱ ከዋናው ብድር ይቀነሳል። አሁን ወለዱ አሥራ ስድስት ብር ከምናምን ወርዷል። ዋናው ሲያንስ ወለዱ ያንሳል። አይታይዎትም እንጂ በየወሩ ሲያሸንፉ ነው የኖሩት።"

"ቆይ ቆይ። ዋናው ሲያንስ... ክፍያው ያው ሠላሳ አራት... ወለዱ አነሰ... ታዲያ ትርፉ የት ሄደ?"

"ዋናውን ሊበላ ሄደ።"

ገብረ መድህን ባርኔጣውን አውልቆ ራሱን አከከ። አንድ ዓይነት ነገር ብልጭ ብሎለት ነበር፤ ላሟ ስትንቀሳቀስ ጠፋበት። "እንደገና በዪኝ እስቲ።"

እንደገና አለችው። በእንጨት ጭቃው ላይ ጻፈችለት። ላሟ ረገጠችው። ሌላ ቦታ ጻፈችለት።

"አባትሽ ግን ወለድ ሐራም ነው ይል የለም እንዴ?" አላት በመሀል፤ መሸሺያ ፈልጎ።

"ይላል። እኔም ወላሂ ብድር ውስጥ አይግቡ ነበር የምልዎት፣ ከመግባትዎ በፊት ቢያማክሩኝ። አሁን ገብተዋል፤ አወጣጡን ነው የምንነጋገረው። ደግሞ የባንኩን ሐራም ሸሽተው አራጣ ቤት ሊገቡ ነው፤ አባዬ ይህን ከሰማ ስኳር አይሸጥልዎትም!"

ይህን ሲባባሉ ከታች በኩል አንድ ሰው ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ መጣ። ቱሳ ይባላል፣ የሮቤ ከብት ነጋዴ ነው፤ ገብረ መድህን ያውቀዋል። ሰላምታውን በኦሮምኛ ጀምሮ በአማርኛ ሳይጨርስ የላሟን ጡት ማየት ጀመረ።

"አቦ ገብሬ፣ ትሸጣለህ? ገበያ ድረስ ለምን ትደክማለህ። አምስት መቶ ሃምሳ። እዚሁ።" ኪሱን መታ አደረገ።

ገብረ መድህን አንድ እርምጃ ቀረበ። "ስድስት መቶ።"

"እሺ ስድስት መቶ! አንተ ስለሆንክ ነው።"

እንዲህ ቶሎ እሺ ይላል ብሎ አልጠበቀም። የከብት ነጋዴ ዋጋ ሳይከራከር እሺ ሲል ሰው መጠርጠር አለበት። ቱሳ ብሩን አውጥቶ መቁጠር ጀመረ። ዘይቱና ቱሳን ጠየቀችው። "ለእርድ ነው?"

"ምን እርድ! ያበድኩ መሰለሽ? ለአንዲት ሻይ ቤት ላላት ሴት ነው። በቀን አራት ጠርሙስ ከሰጠች ዋጋዋን በአሥር ወር ትመልሳለች ብላኛለች። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ለሷ ነው።" ይህን ያለው በኩራት ነው፤ ዕቃ እንደሚያውቅ ሰው።

ገብረ መድህን እጁን ለብሩ ዘርግቶ ነበር። እዚያው ቆመ።

"በቀን አራት ጠርሙስ" አለ ለራሱ። "ሁለቱን ልጆቹ ይጠጣሉ። ሁለቱን የሺሃረግ ትሸጣለች። በስድሳ ስድሳ ሳንቲም።" ወደ ዘይቱና ዞረ። "ይሄ በወር ስንት ነው?"

"ሠላሳ ስድስት ብር።"

"ሠላሳ ስድስት። ባንኩ ሠላሳ አራት።" እንደገና ራሱን አከከ። "ቆይ እንጂ። አራት ዓመት ባንኩን ስትከፍል የነበረችው ይቺ ናት ማለት ነው? እኔ አይደለሁም?"

"እርስዎም ከፍለዋል። እሷ ትንሽ ትበልጣለች" አለች ዘይቱና።

"ይህን የሺሃረግ ታውቃለች?"

"ከሁሉም ሰው በፊት።"

ለዚህ ነው ሲወጣ ዝም ያለችው። ስንት ጊዜ ትናገር? ባለፈው ወር ነግራው ነበር፤ የሴት ሒሳብ ብሎ ትቶታል።

ቱሳ ብሩን እንደያዘ "አቦ፣ ውሰድ እንጂ!" አለ።

"አልሸጥም።"

"ስድስት መቶ ሃያ!"

"ቱሳ፣ ለባለ ሻይ ቤቷ የምታዋጣ ለኔ እንዴት አታዋጣም? አንተው ነህ የነገርከኝ።"

ቱሳ ዘይቱናን አያት፣ ላሟን አያት፣ ጭቃ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አየ። "የተማረ ሰው ያለበት መንገድ ላይ ገበያ የለም" ብሎ ዱላውን አነሳና ሄደ።

ገብረ መድህን ግን ገና አልተረጋጋም። ሁለት ሺህ ብሩ ኪሱን እያቃጠለው ነው። "ብሩንስ ምን ላድርገው? ሁሉንም ልክፈል?"

"የለም። ዕቁቡን ቀድመው ወሰዱ እንጂ ገና ስንት ወር ይጥላሉ?"

"አሥራ ስምንት ወር። አርባ አርባ ብር።"

"ሁሉንም ባንክ ከትተው ቢታመሙስ? ዕቁቡ ይጠብቃል? ወይዘሮ የሺሃረግ ቢወልዱስ? ለባንክ የሰጡትን ብር ለምጥ መልስልኝ ማለት አይቻልም። አንድ ሺህ ብር ለባንኩ ይክፈሉ። ስድስት መቶውን በቁጠባ ደብተር ያስቀምጡ፤ የስምንት ወር የባንክና የዕቁብ መክፈያ ይሆናል። አራት መቶው ለአራስ ቤቱና ለልጆቹ ጫማ። ወርቁን ይመልሱላቸው።"

"አንድ ሺህ ብቻ? ምን ለውጥ ያመጣል?"

"ክፍያዎን ሳይቀንሱ ዘመኑን ያሳጥሩታል። ግን በደብዳቤ ይጠይቁ፤ 'ይህ ገንዘብ ከዋናው ዕዳ ላይ ይቀነስልኝ፣ ወርኃዊ ክፍያዬ እንዳለ ሆኖ ዘመኑ ይጠርልኝ' ብለው። ዝም ብለው ቢሰጧቸው የሚመጡት ወራት ክፍያ ነው ብለው ሊይዙት ይችላሉ። አሥራ አንድ ዓመት የቀረው ስድስት ዓመት ከዘጠኝ ወር ይሆናል።"

"አራት ዓመት በአንድ ሺህ ብር? አይሆንም።"

"ይሆናል።"

"እንዴት?"

"እንደገና ልጻፍልዎት?"

"ተይው! ደብዳቤውን ጻፊልኝ።"

ሰኞ ደብዳቤውን ይዞ ሄደ። ያለችው ሁሉ ሆነ። ከመስኮቱ ጀርባ ያለችው ሴት "የቤቱ ባለቤት ማነው?" ስትለው ገብረ መድህን ወደ ኋላው ዞሮ ተመለከተ። ማንም የለም። "እኔ ሳልሆን አልቀርም" አላት።

እንግዲህ ዕዳ መፍራት መልካም ነው። ዕዳን ፈርቶ ቤትን ባዶ ማድረግ ግን ሞኝነት ነው። ትርፍ ያገኘ ሰው ከዕዳው ዋና ላይ ይቀንስ፤ ወለዱ ያንስለታል፣ ዘመኑ ያጥርለታል። የክፉ ቀኑን ግን አይንካ፤ ክፉ ቀን ሲመጣ የሚያበድረው አራጣ አበዳሪው ብቻ ነውና። የሚያበላውን ደግሞ አይሽጥ። ከሁሉ በፊት ሚስቱን ይጠይቅ፤ የወተቱን ሒሳብ የምታውቀው እሷ ናት።

ገብረ መድህን ወረቀቱን አጥፎ በደረት ኪሱ ከቶ ቤቱ ሲገባ የሺሃረግ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ነበር።

"ምን አሉህ?"

"አራት ዓመት ቀነሱልን።"

"በስንት?"

"በአንድ ሺህ ብር። እንዴት እንደሆነ አትጠይቂኝ፣ ዘይቱናን ጠይቂ።"

"ላሟንስ፣ ከፋይዋን፣ ምን አሉ?"

ገብረ መድህን አሰበ። ባርኔጣውን አውልቆ ራሱን አከከ።

"ላሟንማ ማንም አልጠየቀኝም" አላት።