ፕላስቲክ የለበሰችው ጽጌረዳ

እናቴ ጥቁር ክር ግዛ ብላ ልካኝ ስመለስ፣ ጎረቤታችን ጋሽ ፍሬን ትልቅ ፕላስቲክ ታቅፈው በራቸው ላይ አገኘኋቸው። ፍሬን ያልናቸው እኛ የሰፈር ልጆች ነን፤ አውቶቡስ ሲነዱ እግረኛ ይቀድማቸው ነበር። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሥራቸው አንድ ነው፤ ሟች ባለቤታቸው የተከሏትን ጽጌረዳ መጠበቅ።

«ጋሼ፣ ዛሬም ሊያስተኟት ነው?» አልኳቸው።

«አንተ አትናገረኝ። እናትህ አንድ ቅጠል እንኳ ልትተውልኝ አልፈለገችም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ክረምቱ ሲገባ የጽጌረዳዋ ቅጠል ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣ፣ ዙሪያው ቢጫ ይሆን፣ ከዚያ ይረግፍ ጀመር። እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። ማሽኗ ያለው መስኮት ሥር ነው፤ መስኮቱ ደግሞ የሚያየው የእሳቸውን ግቢ ነው። አንድ ቀን ከስፌቷ ቀና ብላ «እንዴት ታምራለች» አለች። አለቀ። ነጠብጣቡ ሲመጣ ጋሽ ፍሬን «በዓይኗ በላቻት» ብለው ለሰፈሩ ሁሉ አወሩ። የሙሽራ ልብስ ልታሰፋ የመጣች ልጅ ጨርቋን ጠቅልላ ተመለሰች። ዓይኗ ክፉ ነው የተባለች ሴት የሰፋችውን ለሠርጉ ማን ይለብሳል?

ይባስ ብሎ ግድግዳቸው ላይ ቆርቆሮ ተደግፏል። ነገ አጥሩ ላይ ተመትቶ መስኮታችንን ሊጋርድ ነው። እናቴ ያለዚያ ብርሃን አትሰፋም፤ እሷ ካልሰፋች ደግሞ እኔ አልበላም። እና ጉዳዩ የአበባ ብቻ አልነበረም።

እንዲህ ስንነታረክ አንዲት ልጅ ሻንጣ እየጎተተች መጣች። የወንድማቸው ልጅ ናት፤ እርሻ ኮሌጅ ትማራለች፤ ለእረፍት መምጣቷ ነው። ገና ሳትመረቅ ጋሽ ፍሬን «ዶክተሯ» ይሏታል። አጎቷን ስማ ሳትጨርስ ዓይኗ ፕላስቲኩ ላይ አረፈ።

«አጎቴ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ልብሷ ነው። ከሰው ዓይን እጋርድበታለሁ። ማታ ማታ ከላይ ውሃ አርከፍክፌ ቅጠሏን አጥባታለሁ፤ ከዚያ አለብሳታለሁ።»

«የረገፈውን ቅጠልስ?»

«የራሷ አይደል? ሥሯ ላይ አነጥፍላታለሁ፤ ይሞቃታል።»

ዶክተሯ ቁጢጥ ብላ አንዱን ቅጠል ገለበጠች። «አጎቴ፣ ላስቀይምዎት ነው።»

«እኔን የሚያስቀይመኝ ያልተማረ ነው፤ አንቺ ተናገሪ» አሉ እኔን እያዩ። እንደ ሰላምታ ቆጠርኩት።

«ትኩስ ዳቦ ፌስታል ውስጥ ቋጥረው ቢያስቀምጡት ምን ይሆናል?»

«ይሻግታል።»

«ዓይን በልቶት ነው?»

«ዳቦ ሌላ፣ አበባ ሌላ።»

«ይሄ ነጠብጣብ ፈንገስ ነው፤ የሻጋታ ዘመድ። ደረቅ ቅጠል ላይ መብቀል አይችልም። ቅጠሉ እርጥብ ሆኖ ሲያድርለት ነው ቤቱን የሚሠራው። እርስዎ ደግሞ ማታ ያጠጡታል፣ ያለብሱታል፣ የታመመውን ቅጠል ከታች ያነጥፉለታል። ውሃ ሲፈናጠር ዘሩን ከመሬት አንስቶ ወደ ላይ ያወጣዋል። ለእንግዳ እንኳ እንዲህ አይደረግም።»

ጋሽ ፍሬን እንዲህ በቀላሉ የሚሸነፉ ሰው አይደሉም። «ነጠብጣቡ የመጣው ከፕላስቲኩ በፊት ነው። ይሄንስ ምን ትያለሽ?»

«ልክ ነዎት፤ ያስጀመረው ዝናቡ ነው። ዝናብ ግን ያባራል፤ ነፋስ ይመጣል፤ ቅጠሉ ይደርቃል። እርስዎ ግን አላባራም አሉ።»

«መጽሐፍ ብዙ ይላል። ያቺ ሴትዮ ያየችው ሁሉ ሲረግፍ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ።»

እዚህ ላይ አፌን መያዝ አቃተኝ። «ጋሼ፣ እኛ ግቢ የገባው ቅርንጫፍ እኮ ምንም አልሆነም። ቆቤን የምሰቅለው እሱ ላይ ስለሆነ በደንብ አውቀዋለሁ።»

«ቀጣፊ።»

«ይምጡና ይዩዋ።»

አልመጣም ብለው ነበር፤ ዶክተሯ ክንዳቸውን ይዛ አመጣቻቸው። እናቴ ስፒል በከንፈሯ ይዛ ጨርቅ ላይ በጠመኔ እያሰመረች ነበር፤ ስታያቸው ልትውጠው ትንሽ ቀራት። ወለሉ ላይ ያለውን ብጥስጣሽ ጨርቅ በእግሯ ገፋ አድርጋ ወንበሯን ለቀቀችላቸው። ማሽኑ ፊት ተቀመጡ።

«አሁን እሷ ከምታይበት ሆነው ይዩ» አለች ዶክተሯ።

አጥሩን ተሻግሮ የመጣው ቅርንጫፍ እጅ ቢዘረጉ የሚነካ ነው። ቅጠሉ ያብረቀርቃል፤ እምቡጥም ይዟል። ከሱ ማዶ ደግሞ ባዶ እንጨት ብቻ የቀረው ግንድ ይታያል።

«ይሄ እንዴት ተረፈ?» አሉ ጋሽ ፍሬን፤ ድምፃቸው ቀነሰ።

«ፕላስቲኩ አይደርስበትም፤ የማታው ውሃም አይደርስበትም። ነፋስና የጠዋት ፀሐይ ግን ያገኘዋል።»

እናቴ ስፒሏን አወጣች። «ጋሼ፣ ዓይኔ ያን ያህል ጉልበት ቢኖረው መርፌ ላይ ክር ለማስገባት ይሄን ዱርዬ ቀኑን ሙሉ እጣራ ነበር? ደግሞ አፍንጫዬ ሥር ያለውን ትቼ አጥር ዘልዬ የእርስዎን ልብላ?»

ጋሽ ፍሬን ቆሙ። የድሮው አውቶቡሳቸው ፌርማታ ላይ ሲቆም እንደዚያው ነበር፤ መቼ እንደሚነሳ አይታወቅም። በመጨረሻ «ባለቤቴ ጠዋት ጠዋት ሥሯን ብቻ ነበር የምታጠጣት» አሉ። «ቅጠሏን ማጠብ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ከሷ የበለጥኩ መስሎኝ።» ከዚያ ወደ እናቴ ዞሩ። «እመቤት፣ አጥፍቻለሁ።»

«ከጽጌረዳዋ ጋር ይታረቁ፤ እኔ ቀላል ነኝ» አለች እናቴ።

በማግስቱ ቆርቆሮ ሊመታ የነበረው ሰውዬ ሲመጣ ሁላችንም ቅጠል ለቀማ ላይ ነበርን። የረገፈውን ቅጠል አንድ ሳናስቀር ለቅመን አቃጠልነው። ዶክተሯ የታመሙትን ቅርንጫፎች ቆረጠች፤ በቆረጠች ቁጥር መቁረጫዋን በአልኮል ትጠርጋለች፤ በሽታውን ከአንዱ ወደ ሌላው ላለማዞር ነው። ነፋስ እንዲያልፍ መሐሉን አሳሳችው። ውሃ ጭቃውን እንዳያፈናጥር ሥሯን በደረቅ ሣር ሸፈንን።

ከዚያ ከእርሻ መድኃኒት መሸጫ የፈንገስ መድኃኒት መጣ። ጓንትና ማስክ አድርጌ፣ ወረቀቱ ባለው ልክ በጥብጬ የረጨሁት እኔ ነኝ።

«ከቅጠሉ ሥርም እርጭ» አለችኝ ዶክተሯ።

«ሥሩን ማን ያየዋል?»

«አንተ እናትህ ስትፈልግህ የት ነው የምትደበቀው?»

«አልጋ ሥር።»

«በቃ፣ እርጭ።»

ጋሽ ፍሬን ነጠብጣብ ያለበትን ቅጠል ይዘው «ይሄስ ይድናል?» አሏት።

«እሱ አይድንም አጎቴ፤ ይነሳ። መድኃኒቱ የሚጠብቀው ገና ያልተነካውን ነው።»

አዲሱ ቅጠል ንጹሕ ሆኖ ወጣ። ክረምቱ ሳያልቅ ጽጌረዳዋ አጥሩን ሞልታ አበበች፤ መንገደኛ ቆሞ የሚያያት ሆነች፤ ጋሽ ፍሬንም «እዩ፣ እዩ፣ አትፍሩ» ይላሉ። መጀመሪያ ያበበውን ቆርጠው፣ ቀስ እያሉ ሙሽራዋ ቤት ድረስ ሄዱና «የተናገርኩት ሐሰት ነው» ብለው ሰጧት። ልጅቷ ጨርቋን ይዛ ተመለሰች፤ ሚዜዎቿንም አስከትላ። ያ ቆርቆሮ ዛሬ የኛ በር ላይ ጥላ ሆኗል፤ ደንበኛ ዝናብ ሳይነካው ተራውን ይጠብቃል።

እኔ መካሪ አይደለሁም፤ ከተማርኩት ክፍል የዘለልኩት አጥር ይበልጣል። ግን ቅጠል ሲጠቁርባችሁ ማን አየብኝ ከማለታችሁ በፊት ዳስሱት፤ እርጥብ ነው? ሥሩን በጠዋት አጠጡ፤ የረገፈውን አንሱ፤ ነፋስ አትከልክሉት። አበባችሁም ይተርፋል፤ ጎረቤታችሁም።

አሁን ጠዋት ጠዋት ከአጥሩ ማዶ የሚሰማው ይሄ ነው፦ «ጎረቤት፣ ተነስተሽ እይልኝ እንጂ።»

እናቴ እግሯን ከማሽኑ ፔዳል ታነሳና በመስኮቱ ታያለች። «ጋሼ፣ ከታች በግራ በኩል አንድ ቅጠል ጠቆር ብላለች።»

ያኔ ጋሽ ፍሬን መቁረጫቸውን ይዘው ሲሮጡ ብታዩ፣ ያን ስም ያወጣንላቸው እኛው መሆናችን ያሳፍራል።