ስምንተኛው ታካሚ

(ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የሳይኮሎጂ ትምህርት ክፍል፤ የክሊኒካል ሳይኮሎጂ የዶክትሬት ተማሪዋ ውባለም በአማካሪዋ በዶክተር ገብረየስ ቢሮ፣ የተግባር ልምምድ ማጠናቀቂያ ፎርም ይዛ ቆማለች።)

ውባለም፦ አንድ ፊርማ እኮ ነው የቀረኝ፣ ዶክተር። ሬጅስትራር አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል።

ገብረየስ፦ ቁጭ በይ አልኩሽ። የላክሽልኝን የታካሚሽን የድምፅ ቅጂ አሁን ሰምቼ ጨረስኩ።

ውባለም፦ ታዲያ ሰምተው ነው የሚያመነቱት? ጋሽ ላቀው ሲስቁ አልሰሙም? ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ጥርሳቸው የታየው ያን ቀን ነው። የድብርት መጠይቁ ውጤት ከሃያ ሦስት ወደ አራት ወርዷል። ስምንት ታካሚ ጨርሺ አላችሁኝ፤ ስምንተኛው ይኸው ዳኑልኝ።

ገብረየስ፦ በስንት ጊዜ ነው የወረደው?

ውባለም፦ በ... አንድ ሳምንት።

ገብረየስ፦ ዓመት ሙሉ እንቅልፍ ያጣ ሰው፣ በአንድ ሳምንት! አልገረመሽም?

ውባለም፦ ደስ አለኝ። መደሰትም ነውር ሆነ?

ገብረየስ፦ የውሻቸውስ ነገር?

ውባለም፦ የምን ውሻ?

ገብረየስ፦ ሊወጡ ሲሉ ያነሱት። «ቦቢን ለእህቴ ሰጠኋት» ሲሉሽ፣ «ጎሽ፣ ሸክም ቀለለልዎ» አልሻቸው።

ውባለም፦ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ይዘውት ለመውጣት...

ገብረየስ፦ የቅየሳ መሣሪያቸውስ? አርባ ዓመት እንጀራቸውን የበሉበትን ለቀድሞ ረዳታቸው ሰጡ። የቤቱን ካርታ ለእህታቸው አስረከቡ። አንቺን መርቀው ወጡ። እንዲህ የሚሰናበት ሰው ወዴት የሚሄድ ይመስልሻል?

ውባለም፦ ኧረ እንዲህ አይበሉ፣ ዶክተር።

ገብረየስ፦ ጠየቅሻቸው?

ውባለም፦ ምን ብዬ?

ገብረየስ፦ ታውቂዋለሽ።

ውባለም፦ አባቴ ይሆናሉ እኮ! ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ናቸው። ፊት ለፊታቸው ቁጭ ብዬ እንዴት... አፌ እምቢ አለኝ። የምርመራ ቅጻቸው ላይ «ራስን የማጥፋት ሐሳብ የለም» ብዬ ሞላሁት።

ገብረየስ፦ ሳትጠይቂ?

ውባለም፦ ሳልጠይቅ። ከፈለጉ ያባርሩኝ።

ገብረየስ፦ እሱን ሌላ ቀን እናወራዋለን። ሰኞ ላክሽልኝ፣ እኔ ዛሬ ነው የሰማሁት፤ እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ደውይላቸው።

ውባለም፦ እርስዎ ይደውሉልኝ፣ በእመቤቴ።

ገብረየስ፦ የሚያምኑት አንቺን ነው። ደውይ!

ውባለም፦ ይጠራል... አያነሱም።

ገብረየስ፦ ድገሚው።

ውባለም፦ ሃሎ? ጋሽ ላቀው? ውባለም ነኝ... እኔ ደህና ነኝ። ጋሼ፣ ያን ቀን ልጠይቅዎ ሲገባኝ አፍሬ የተውኩት ነገር አለ። ራስዎን ለማጥፋት አስበዋል?

ገብረየስ፦ ምን አሉ?

ውባለም፦ «ማን ነገረሽ?» አሉኝ።

ገብረየስ፦ እንዳትዘጊ። እያወራሻቸው ነይ፤ መኪናዬ ታች ነው። ለእህታቸው እኔ እደውላለሁ።

ውባለም፦ ማንም አልነገረኝም፣ ጋሼ። እየመጣሁ ነው... አይ፣ ነገ አይደለም፣ አሁን። ስልኩን አይዝጉት። ተነሥተው በሩን ብቻ ይክፈቱልኝ።