የበርናባስ መጠቅለያ ሲፈታ

«ልጅሽ ዓይነ ምድር ወጥቶለታል?»

ይህን የጠየቀችኝ ሐሴት ናት። የጎረቤታችን ልጅ ስትሆን አዋላጅነት ተምራለች፤ የመጣችውም እንኳን ማርያም ማረችሽ ልትለኝ ነበር። ምን ብዬ ልመልስላት? በርናባስን ከትናንት ወዲያ እቤት ከወለድኩት ጀምሮ የሚያጥቡትም የሚጠቀልሉትም ከገረሴ የመጡት አማቴ እማማ አገኘሽ ናቸው። በእሳቸው ደንብ አራስ ታጠባለች እንጂ መጠቅለያ አትፈታም።

«ሆዱ ደርቆበት ነው» አሉ አማቴ፣ ቅቤ በጣታቸው እያለሰለሱ። «ይህን ሲውጥ ይለቀዋል።»

«እማማ፣ ቅቤው ይቆይና መጀመሪያ ቂጡን ልየው» አለች ሐሴት።

«ምን? ስምንት ልጅ ስወልድ የአንዱንም ቂጥ አልፈተሽኩም! ፖሊስ ነኝ እንዴ?»

ሳቅም ፍርሃትም ያዘኝ። ልጁ የጠባውን ሁሉ ማስመለስ፣ ሆዱም መነፋት ጀምሮ ነበር። ሐሴት ግን አልተቆጣችም።

«እማማ፣ ላምዎ ስትወልድ ጥጃውን እንዴት ያደርጉታል?»

«ጅራቱን አንስቼ አየዋለኋ! መውጫ ሳይኖረው የሚወለድ አለ። ይህን የማያይ ምን ከብት አርቢ ነው?»

«ታዲያ ለጥጃ ያልታከተ ዓይን ለልጅ ልጅዎ ታከተው?»

እማማ አገኘሽ ቅቤውን ከጣታቸው ጠረጉ። «አንቺ ልጅ ምላስሽ መርፌ ነው» አሉና መጠቅለያውን ራሳቸው ፈቱት።

መውጫ አልነበረውም።

«ጎሜ ነው፤ የነውር ቅጣት» አሉ ቀስ ብለው። «ማናችን ነውር ብንሠራ ነው ይህ በሕፃን ላይ የመጣው?»

«ማንም ምንም አላጠፋም እማማ። በማህፀን ሲሠራ ሳያልቅ የቀረ ነገር ነው፤ ሐኪም ይጨርሰዋል። ግን መውጫ በሌለበት ቅቤ ብንጨምርበት ሆዱን አስጨንቀን እንገድለዋለን።»

«አራስስ እንዴት ከቤት ትወጣለች?»

«ልጇን ይዛ ነዋ!»

አማቴ እኔን አዩኝ፤ እያለቀስኩ ነበር። የቅቤውን ሳህን አስቀምጠው ጋቢያቸውን አነሱ። «ምን ትጠብቃላችሁ? ባጃጅ ጥሩ!» አሉ፤ ባጃጁም ሲመጣ ቀድመውን የገቡት እሳቸው ናቸው። መንገዱን ሙሉ ሹፌሩን «ቀስ! በሽተኛ ይዘናል!» ይሉትና ወዲያው ደግሞ «ምነው ተኛህ?» ይሉታል።

ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሞቹ በመጀመሪያ ሆዱ ላይ ጊዜያዊ መውጫ ከፈቱለት፤ ጠንከር ሲል ትክክለኛውን ሠሩለት፤ በመጨረሻም የሆዱን ዘጉት። ዛሬ በርናባስ ሙዝ ከእጄ ነጥቆ የሚሮጥ ልጅ ነው።

እህቶቼ፣ ልጅ በተወለደ ዕለት ገላውን ከራስ እስከ እግር ማየት ነውር አይደለም። የመጀመሪያው ዓይነ ምድር በአንድ ቀን ውስጥ ካልወጣ፣ ሆዱ ከተነፋ፣ አረንጓዴ ካስመለሰው፣ ወይም ሲጠባ አረፋ እየደፈቀ ትን ካለው፣ ቅቤም ውሃም ሳትሰጡ ወደ ሐኪም ሩጡ። ጤና ጣቢያ የምትወልድማ ይህን ሁሉ የሚያይላት ሰው አጠገቧ ነው። ቶሎ የታየ ልጅ ይድናል፤ እናትም በማታውቀው ኃጢአት ስትጨነቅ አትኖርም።

ሐሴት ሥራ አግኝታ ወደ ሳውላ ሄደች። እማማ አገኘሽ፣ ለአራስነቴ ብቻ የመጡት፣ የልጁን ቁስል ሲያጥቡ ከርመው እኛው ዘንድ ቀሩ።