በግራ እጅ የተወረወረች ብርቱካን

ድሬዳዋ፣ ሆስፒታል ውስጥ ለኩባውያን ሐኪሞች አስተረጉም ነበር። ስፓኒሹን የለመድኩት ከእነሱው ስለሆነ አንድ ቃል እንዳላዛባ ሁልጊዜ እሰጋለሁ። ቀኝ እጁን ጦር ሜዳ ያጣ አንድ ሚሊሺያ ግራውን አላለማምድም ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል፤ ካላጎረሱት አይበላም። ቁስለኞችን እንቅስቃሴ የምታለማምደው ኩባዊት፣ «ለአገሬ ቡድን ሶፍትቦል ወርዋሪ ነበርኩ፤ ቀኝ ትከሻዬ ተበላሽቶ ተውኩት በለው» አለችኝ። ሶፍትቦልን ምን ብዬ እንደምነግረው ቸገረኝና፣ «በዱላ የሚመታ ኳስ ነው፤ እንደ ገና ጨዋታ» አልኩት።

«ሴት ገና ትጫወታለች?» ብሎ ዞረ። ወዲያው ግን ፊቱ ጠቆረ። «እሷ የቀረባት ጨዋታ ነው። እኔ እርፍ በምን እጄ ልጨብጥ? በላት።»

ልተወው ብዬ አሰብኩ፤ ግን ቃል በቃል ነገርኳት። «እውነቱን ነው» አለችና ከራስጌው ብርቱካን አንስታ በግራ እጇ ወረወረችለት። ብርቱካኗ ስታው ግድግዳውን መታችና አልጋው ላይ ወደቀች።

«እንዲህ እየወረወረች ነው ለአገሯ የተጫወተችው?» አለና በግራው አፈፍ አድርጎ መልሶ ወረወራት። መነጽሬን ገጭታ ጣለችው። ጎንበስ ብዬ ስፈልግ ድምፁን ሰማሁ።

«ጓድ አስተርጓሚ፣ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ! ብርቱካኗን መልሺ በላት።»

ቀና ስል ግራ እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል።