ሳሎን ውስጥ የተነፋችው ጀልባ

ከትምህርት ቤት ወጥቼ ወደ ቤቴ ሳዘግም፣ ጎረቤቴን ሽማግሌውን ጀልበኛ ደጃፋቸው ላይ ቆመው አገኘኋቸው። አርባ ዓመት ሙሉ ሰው ከሐይቁ ወዲያና ወዲህ ሲያሻግሩ ስለኖሩ ሰፈርተኛው ሁሉ «ካፒቴን» ይላቸዋል። ሰማዩ ጠቁሮ ካፊያ ጀምሯል። እሳቸው ግን ከገዛ ቤታቸው እንደተባረረ ሰው ዝናቡን ችለው ቆመዋል።

«ካፒቴን፣ በደህና ነው? ለምን አይገቡም?» አልኳቸው።

«የት ልግባ መምህር? ምራቴ ሳሎኑን ለጀልባ ሰጥታዋለች። እስቲ ይግቡና እርስዎ ይፍረዱን።»

ምራታቸው አዋላጅ ነርስ ናት። ባሏ፣ የካፒቴን አንድያ ልጅ፣ ከሦስት ዓመት በፊት ሐይቁ ላይ ቀረ። እሷ ግን ወደ ወላጆቿ አልተመለሰችም፤ ሽማግሌውን እየጦረች እዚያው ቤት ኖረች። ሁለቱ ስለ ሟቹ ሲያወሩ የሰማ ሰው የለም።

ስንገባ ሶፋው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ ጠረጴዛው አልጋ ላይ ወጥቷል። ወለሉን ግራጫ የጎማ ጀልባ ሞልታዋለች። ነርሷ የእግር ፓምፕ እየረገጠች ትነፋለች። ከሐይቁ ማዶ ላሉ እርጉዞች እንድትደርስ ጀልባዋን ጤና ጣቢያው ነው የሰጣት። ሞተሩ ከነካርቶኑ በሩ ሥር ተቀምጧል።

«ይቅርታ መምህር፣ መቀመጫ አላስተረፍኩም» አለች። «የጀልባዋ ጠርዝ ላይ ይቀመጡ፤ ትችልዎታለች።»

ካፒቴን ሳይቀመጡ ጀመሩ። «ይኸው፣ በትንፋሽ የቆመ ነገር። ሹል ነገር የነካት ለት ምን ልትሆኚ ነው? እንጨት እንኳ ቢሰበር ስባሪው ያንሳፍፋል።»

«አባባ፣ አየሩ ያለው በሦስት ክፍል ነው፤ አንዱ ቢቀደድ ሁለቱ ይይዙኛል። ቤት ውስጥ የነፋኋትም ለዚሁ ነው። መጋጠሚያዋን ሁሉ የሳሙና ውሃ እቀባና የምታስተነፍስበት ቦታ ካለ አረፋው ያሳየኛል። እስከ ነገ ሳትሟሽሽ ካደረች ነው ውሃ የምታየው።»

«እኛ ጀልባ የምንፈትነው ውሃው ላይ ነበር።»

«ውሃው ላይማ የሚፈተነው ሰውየው ነው፣ አባባ።»

ካፒቴን ግትር ይሁኑ እንጂ ክፉ ሰው አይደሉም። አርባ ዓመት በሕይወት መቆየታቸውን የዘዴያቸው ምስክር አድርገው ይዘውታል። ብዙዎቻችን እንደዚያው ነን። በዚያው ዘዴ ሄደው ያልተመለሱት ግን መጥተው አይመሰክሩም።

ካፊያው ቀለል ሲል ሞተሩን ከነካርቶኑ ለሦስት ተጋግዘን ወደ ጓሮ አወጣነው። ነርሷ ውሃ የሞላ በርሜል አፍ ላይ ወፍራም ሳንቃ አስራ ነበርና ሞተሩን ታችኛው ጫፉ ውሃው ውስጥ እንዲገባ አድርጋ እዚያ ላይ አጠበቀችው። ከዚያ መመሪያውን ገጽ በገጽ ማንበብ ጀመረች።

«ሞተርም በመጽሐፍ ይነዳል?» አሉ ካፒቴን።

«የሠራው ሰው እዚህ የለም፤ የሚለውን በዚህ ነው የምሰማው» አለች። ማርሹን ነጻ አደረገች፤ የቀይ ጥምዝምዝ ገመድ አንዱን ጫፍ ሞተሩ ላይ ሰካች፤ ሌላውን የእጇ አንጓ ላይ አጠለቀች። ማስነሻውን ሦስቴ ስትስበው ሞተሩ ተነሣ።

የካፒቴን ፊት ተለዋወጠ። «እሱን ከእጅሽ ፍቺው። ሰው ከሞተር ጋር አይታሰርም። ይዞሽ ይሰምጣል።»

«ይዩኝማ» አለችና እንደሚወድቅ ሰው ወደ ኋላ ተንደረደረች። ገመዱ ከሞተሩ ተነቀለ፤ ሞተሩም ቀጥ አለ።

«ከጀልባዋ ብወድቅ ሞተሩ ወዲያው ይጠፋል» አለች። «ጀልባዋ ጥላኝ አትሄድም። ዋኝቼ እደርስባታለሁ።»

ካፒቴን ወደ በርሜሉ ጠጋ ብለው፣ «እንደገና አስነሺው» አሉ። አስነሣችው። አሁን ገመዱን በራሳቸው እጅ ሳቡት፤ ጠፋ። ሦስተኛም አስደገሟት። ከዚያ ባዶው ካርቶን ላይ ቁጭ አሉ።

«ልጄ ዋና ይችል ነበር» አሉ።

ሰፈሩ የሚያውቀውን እኔም አውቃለሁ። ልጁ ሐይቁ ፀጥ ባለበት ቀን የተጠላለፈ መረብ ሊያስለቅቅ ብድግ ሲል ወደቀ። ጀልባዋ ሞተሯ እንደተነሣ ያለ ሰው ሄደች። ክንዱ እስኪዝል ተከትሏት ዋኘ፤ አልደረሰባትም። በሦስተኛው ቀን ተገኘ።

«ይህን ገመድ አውቀዋለሁ መምህር» አሉ። የሚናገሩት ለእኔ ቢሆንም ዓይናቸው ምራታቸው ላይ ነበር። «የሱም ሞተር ይህ ገመድ ነበረው። ልጄን እንደ ፍየል ታስሮ ሳየው አፈርኩ። መሰኪያውን እዚያው ትቼ ገመዱን በጩቤዬ ቆረጥኩት። ጀልበኛ አይታሰርም አልኩት። እሱም እኔን አክብሮ ተወው። ለምን እንደተሠራ ያየሁት ዛሬ ነው።»

ነርሷ ገመዱን ከአንጓዋ አወለቀች። «አውቃለሁ አባባ። ሞተሩን ሲያመጡልን ቁራጩ መሰኪያው ላይ እንዳለ ነበር።»

«ሦስት ዓመት አውቀሽ ዝም አልሽኝ?»

«ብነግርዎት እርስዎንም አጣዎት ነበር።»

ሽማግሌው ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። እኔም ወደ በርሜሉ ዞርኩ። በመጨረሻ ተነሡና፣ «ከጀልባዋ ጋር የሰጡሽ የመንሳፈፊያ ጃኬት ስንት ነው?» ብለው ጠየቁ።

«ሁለት።»

«አንዱን በእኔ ልክ አስተካክይልኝ። ሐይቁ ውስጥ ድንጋይ ያለበትን ቦታ ያ መጽሐፍ አያውቀውም፤ እኔ አሳይሻለሁ።»

ጀልባዋ ሳትሟሽሽ አደረች። በመቅዘፊያ ግማሽ ቀን የሚፈጀው መንገድ ከአንድ ሰዓት በታች ሆነ። በሁለት ወር ውስጥ ምጥ የጠናባቸው አራት ሴቶች ነርሷ ደርሳላቸው በሰላም ተገላገሉ፤ ለአምስተኛዋ ግን ዘግይተው ስለ ጠሯት አልደረሰችላትም። ወደቡ ላይ ካሉት አሥራ አንድ ባለ ሞተር ጀልባዎች የአብዛኞቹ ነጂዎች ገመዱን ሳያስሩ ይነዱ ነበር፤ ዛሬ የሰባቱ ነጂዎች ያስራሉ። ያሳሰሯቸው ካፒቴን ናቸው። ጠዋት ጠዋት ወርደው ልጃቸው እንዴት እንደሞተና ገመዱን ማን እንደቆረጠው ለእያንዳንዱ ይነግሩታል።

«አባባ፣ በየቀኑ ራስዎን አይጉዱ» አለቻቸው አንድ ቀን እኔ ባለሁበት። «እሰሩ ማለቱ ብቻ ይበቃል።»

«እሰሩ በማለት ነበር የጀመርኩት» አሏት። «ሳቁብኝ። የልጄን ነገር ስነግራቸው ነው የሚያስሩት።»

ይህን ብለው ጃኬታቸውን ለበሱ፤ ገና ያላሰሩ አራት ቀርተዋልና ወደ ወደቡ ወረዱ።